ባዶውን የማይመለስ ቅርጫት

ማትሱኤ፣ ሚዙኩሳ ሰፈር
በሾዋ ንጉሠ ነገሥት ዘመን ስልሳ አንደኛ ዓመት፣ አራተኛው ወር፣ ስምንተኛው ቀን

ለቀድሞ ተማሪዬ ለሱሚዳ ማቺኮ፣ ሳፖሮ

ብዕሬን ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው። በዚህ ወር በሁለተኛው ቀን በጻፍሽልኝ ደብዳቤ፣ የምትሠሪበት ማተሚያ ቤት ስለ ጸጥተኛ ሰፈሮች ለሚያወጣው ትንሽ መጽሐፍ፣ የሚዙኩሳ ሰው ራሱ የት የት እንደሚበላ ጽፌ እንድልክልሽ ጠይቀሻል። የምመልሰው ይህንኑ ነው፤ ሌላ ነገር አልጨምርበትም።

አስቀድሜ ግን የሳፖሮ በረዶ ቀልጦ እንደ ሆነ፣ የባልሽም ወገብ ተሽሎት እንደ ሆነ እጠይቃለሁ። እዚህ የቼሪው አበባ በሰሞኑ ዝናብ ረግፎ የቦዩን ውሃ ሸፍኖታል። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። በደብዳቤሽ ሦስተኛ አንቀጽ ባለቤቱና ግሱ ያልተስማሙበትን ዓረፍተ ነገር በቀይ አስምሬ መልሼልሻለሁ። አርባ አራት ዓመት ስለ ሞላሽ ነጥብ አልቀነስኩም።

እንግዲህ ዝርዝሩ ይህ ነው።

ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ኦኩሙራ ቶፉ ቤት ይኬዳል። ጎድጓዳ ዕቃ ከቤት ይያዛል፤ ባዶ እጁን የመጣ ሰው እንግዳ መሆኑ በዚያው ይታወቃል። የቤቱ እመቤት ዮኔ ትኩሱን ቶፉ፣ ያን ነጭ የአኩሪ አተር አይብ፣ ከውሃው ውስጥ በእጇ አውጥታ ታስቀምጥለታለች፤ ወሬም ትመርቅበታለች። ቤት እስኪደርሱ የሚታገሡ ጥቂቶች ናቸው። የሚበዛው ሰው እዚያው ቆሞ፣ የአኩሪ አተር ስጎ ጠብ አድርጎበት፣ ግማሹን ይጨርሰዋል።

ለቁርስ ሾርባ የሚሆኑት ጥቁርና ትናንሽ የሐይቅ ዛጎሎች ናቸው። በውስጣቸው ያለው ሥጋ የጥፍር ያህል ነው። እንግዳ ሰው እሱን አንድ በአንድ ሲለቅም ሾርባው ይበርድበታል። የሰፈሩ ሰው ሾርባውን ጠጥቶ ዛጎሉን ይተወዋል። በዚህ ላይ የሚከራከረኝ አለ፤ ተሳስቷል።

ቀትር ላይ ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ሶባ ቤት ይኬዳል። ጥቁሩ ኑድል በሦስት ተደራራቢ ክብ ሣጥኖች ይቀርባል። ስጎው በኑድሉ ላይ ይፈስሳል እንጂ ኑድሉ ወደ ስጎው አይነከርም፤ ከላይኛው ሣጥን የተረፈው ወደ ታችኛው ይገለበጣል። ሲበሉ ድምፅ ማሰማት ነውር አይደለም። ማውራት ግን ኑድሉን ያበላሸዋል።

ከሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ ፊት ለፊት ደግሞ የተፈጨ ዓሣ በእንጨት ላይ ተጠቅልሎ በከሰል ይጠበሳል። ከመታጠቢያው ወጥቶ፣ ፀጉሩ ሳይደርቅ፣ ቆሞ የሚበላው የዚህ ሰፈር ሰው ነው።

እነዚህ አራት ናቸው። አምስተኛ የለም ማለቴ አይደለም፤ ዛሬ አልጻፍኩትም ማለቴ ነው። የእጅ ጽሕፈቴ ከወትሮው ወርዶ ብታገኚው ብርዱ ነው ብለሽ እለፊው። ለእናትሽ ስልክ ብትደውዪ ደኅና ነኝ ትልሻለች። እመኚያት።

ኢናዳ ሄይሳኩ


ሳፖሮ
አራተኛው ወር፣ ዐሥራ ሦስተኛው ቀን

የተከበሩ መምህሬ፤

ደብዳቤዎ በሰላም ደርሶኛል። ስላስቸገርኩዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀዩን መስመር ለባልደረቦቼ ባሳያቸው፣ «እኛ ዘንድ እንዳይመጡ ብቻ» ብለው ሳቁ። በረዶው ቀልጧል፤ አሁን ጭቃ ነው። የባለቤቴም ወገብ ተሽሎታል፤ ዕቃ አንሣ ሲሉት ብቻ ነው የሚብስበት።

ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ቶፉው አለ፣ ዛጎሉ አለ፣ ሶባውና ዓሣውም አሉ። የእናቴ ቤት የለም። መምህሬ፣ እርስዎን ያስቸገርኩት እኮ በእናቴ ቤት ምክንያት ነው። ልጅ ስለ እናቷ ምግብ ቤት ብትጽፍ ማስታወቂያ ይሆናል፤ የእርስዎ ብዕር ግን ለማንም አያደላም። ባለቤትዎ ኪኑ ካረፉ ወዲህ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እራትዎን ከመስኮቱ ሁለተኛው መቀመጫ ላይ ሆነው የሚበሉት እዚያ ነው። እንዴት ይረሱታል ብዬ ግራ ገባኝ። ከዚያም እርስዎ ምንም ነገር ረስተው እንደማያውቁ ትዝ አለኝና ፈራሁ።

ትናንት ማታ ለእናቴ ደወልኩ። ልክ የእራት ሰዓት ነበር። ሳህን ሲንኳኳ አይሰማም። ዛጎል ለቃሚው አቶ ሞሪዋኪ ዛጎሉን አራግፈው የሚስቁት ሳቅም አይሰማም።

«እማ፣ ሰው የለም እንዴ?» አልኳት።

«የበሩን መጋረጃ እየሰፋሁ ነው።»

«በእራት ሰዓት?»

«ቀዳዳ ሰዓት መርጦ ነው እንዴ የሚከፈተው? ደግሞ የሩቅ ስልክ ነው፣ ባልሽን አታክስሪው። ዝጊ።»

ዘጋችው። እናቴ ያን ቤቱ ሲከፈት የሚሰቀለውን መጋረጃ የምትሰፋው ለአዲስ ዓመት ብቻ ነው።

የመጽሐፉን ነገር ለጊዜው ትቼዋለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ፤ ድፍረቴን ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ አሁን እራትዎን የት ነው የሚበሉት?

ማቺኮ


(ፖስት ካርድ)
አራተኛው ወር፣ ዐሥራ ስድስተኛው ቀን

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ጥያቄሽ አጭር ነው። መልሱ ግን ፖስተኛው እያነበበ በሚያመጣው ካርድ ላይ የሚጻፍ አይደለም። እናትሽ በሕይወት አለች፤ አካሏም ጤነኛ ነው። ይህን ያስቀደምኩት እንዳትደነግጪ ነው። ነገ እጽፍልሻለሁ። ስልክ አትደውዪልኝ፤ በስልክ መዋሸት ይቀለኛል።

ኢናዳ


ማትሱኤ
አራተኛው ወር፣ ዐሥራ ሰባተኛው ቀን

ለማቺኮ

እራቴን የምበላው በቤቴ ነው። ከዮኔ ቶፉ እገዛለሁ፤ ቀዝቃዛውን፣ ቆሜ፣ ከማጠቢያው አጠገብ እበላዋለሁ። በመቀመጫ ከተቀመጥኩ አጠገቤ ማንም አለመኖሩ ይታወቀኛል።

የእናትሽ የሃትሱኖ ቤት ከዚህ ወር አምስተኛ ቀን፣ ከቅዳሜ ጀምሮ ዝግ ነው። ያን ምሽት አምስት ሰው እዚያ በልቶ ነበር። የቀረበው ሩዝ፣ የዛጎል ሾርባና ኒራ በእንቁላል ነው። ኒራ የምልሽ ያን ነጭ ሽንኩርት የሚሸተውን ረጅም ቅጠል ነው፤ በሳፖሮ ብትኖሪም አትረሺውም። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰዎቹን ያስመልሳቸው ጀመር። ሁለቱ ቤታቸው ተኝተው ዳኑ። ዛጎል ለቃሚው ሞሪዋኪ ጌንጂና ሚስቱ በአምቡላንስ ተወሰዱ። ሚስቱ በሦስተኛው ቀን ወጣች። እሱ ይህን ስጽፍ ገና ሆስፒታል ነው። ውሃው ከሰውነቱ ስላለቀ ኩላሊቱ ደክሟል አሉ። ስድሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

መጀመሪያ የተጠረጠረው ዛጎሉ ነበር። እሑድና ሰኞ ሰፈሩ ሁሉ ዛጎሉን ሲደፋ ዋለ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ግን የጤና ጽሕፈት ቤት ሰዎች የእናትሽን የቆሻሻ ባልዲ አገላብጠው፣ ከኒራው መካከል ኒራ ያልሆነ ቅጠል አገኙ። በክረምት መጨረሻ ነጭና ቢጫ የሚያብበው ሱይሰን የሚባለው አበባ ቅጠል ነው። መልኩ ኒራን ይመስላል፤ ሽታ የለውም፤ መርዝ ነው።

ወሬው ምን እንደሚመስል መገመት ትችያለሽ። ረቡዕ ጠዋት ቶፉ ቤት ነበርኩ።

«ለካ አበባ ስታበላን ኖራለች» ትላለች ዮኔ።

«አንቺ ደግሞ መች በላሽ?» አላት ባልዋ።

«ባልበላም ልበላ እችል ነበር እኮ። ቅዳሜ እግሬን ባያመኝ ኖሮ እዚያ አልነበርኩም?»

«እግርሽን ለመጀመሪያ ጊዜ አመሰገንሽው።»

በመታጠቢያ ቤቱ ደግሞ አንዱ ጀርባውን እየፈተገ፣ «ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ቢላ መያዝ የለበትም» አለ። ከአጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ሰባ ሰባት ዓመቴ ነው። ውሃዬን ደፍቼ ወጣሁ።

ሐሙስ የሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ከቤት ወደ ቤት ዞሮ ለእኔ ደረሰ። «ከኒራ ጋር የሚመሳሰሉ መርዛማ ቅጠሎችን በተመለከተ» ይላል። እንደ ደንቡ አነበብኩ፣ ማንበቤን በማኅተሜ አረጋገጥኩ፣ ለሚቀጥለው ቤት አሳለፍኩ። ማኅተሙ ጠምሞ አረፈ። በሕይወቴ ጠማማ ማኅተም አትሜ አላውቅም።

እናትሽ ለሹማምንቱ የሰጠችው ቃል አጭር ነው። «ቅጠሉን ራሴ ከቦዩ ዳር ለቅሜዋለሁ፤ ያመጣልኝ ሰው የለም።» በአምስተኛው ወር ሁለተኛ ቀን፣ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ ይህንኑ ቃል በጽሑፍ ልትፈርም ተቀጥራለች። ከፈረመች በኋላ የምግብ ቤት ፈቃዷን ራሷ መልሳ ልትሰጥ ወስናለች። ለአንቺ እንዳይነገርሽ ሰፈሩን ሁሉ አስምላለች። እኔ ግን አልማልኩም፤ ለዚህ ልመናዋ ቃል አልሰጠኋትም ነበርና።

ዛሬ መጻፍ የምችለው እስከዚህ ነው።

ኢናዳ ሄይሳኩ


ሳፖሮ
አራተኛው ወር፣ ሃያ አንደኛው ቀን

መምህሬ፤

ወግ ያለው ሰላምታ ባለመጻፌ ይቅር ይበሉኝ።

ለእናቴ አልደወልኩም። ብደውልላት መጋረጃ እየሰፋሁ ነው ትለኛለች፤ ያን መስማት አልችልም። ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር አቶ ሞሪዋኪ አረፉ ሊሉኝ ይመስለኛል። ትናንት አንድ ሻጭ ደውሎ፣ «ጤና ይስጥልኝ» ሲለኝ አለቀስኩ። ሰውየው ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ።

መምህሬ፣ እናቴ ዋሽታለች። ወደ ቦዩ ዳር የሚያወርደው ደረጃ ዐሥራ አራት ነው። እናቴ እሱን ከወረደች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ጉልበቷ አይፈቅድላትም። እርስዎም ያውቃሉ፤ ሰፈሩም ያውቃል። ሹማምንቱ ብቻ ናቸው የማያውቁት።

ቅጠሉን ያመጣው ሌላ ሰው ነው። በእናቴ ቤት እንዴት እንደሚበላ እኔ አሳምሬ አውቃለሁ። ከጓሮው የተረፈው ሰው ሁሉ በቅርጫት አድርጎ በኋላ በር በኩል ከመደርደሪያው ሥር ያስቀምጣል። እናቴ ማን ምን እንዳመጣ ለማንም አትናገርም፤ ያላመጣ ሰው እንዳያፍር ነው። ያን ቅርጫት ለባለቤቱ መመለስ በልጅነቴ የእኔ ሥራ ነበር። «ባዶውን እንዳትወስጂ» ትለኝ ነበር። አንድ ሽክና ባቄላ፣ ሁለት ሎሚ፣ ምንም ከጠፋ አንድ ክብሪት። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም።

እና ያ የቅዳሜው ቅርጫት የማን ነበር? የዮኔ ነው? ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ የሚኖሩት የእነዚያ ሰዎች ነው? አንድ ነገር ደግሞ አልገባኝም። እናቴ ኒራ ሳታሸት ቢላ አታነሣም። ሥሩን ታያለች፣ በጣቷ ታሸዋለች፣ ታሸተዋለች። ይኼ እንዴት አለፋት?

ያ ሰው አሁን ቤቱ ተቀምጦ ቶፉውን እየበላ፣ እናቴ ስትፈርም ሊያይ ነው? የአርባ ዓመት ቤቷን በእሱ ፈንታ ስታስረክብ? ምን ዓይነት ሰው ነው?

ስሙን ብቻ ይጻፉልኝ። የቀረው የእኔ ሥራ ነው።

ማቺኮ


ማትሱኤ
አራተኛው ወር፣ ሃያ አራተኛው ቀን

ለሱሚዳ ማቺኮ

ስሙን ጠይቀሻል። ኢናዳ ሄይሳኩ ነው።

እዚህ ላይ አቁመሽ ደብዳቤውን ልታስቀምጪው ትችያለሽ፤ መብትሽ ነው። ካነበብሽ ግን በቅደም ተከተል እጽፍልሻለሁ። በቅደም ተከተል መጻፍ ከፍርሃት የሚያሳርፈኝ ብቸኛ ነገር ነው።

ኪኑ በሕይወት ሳለች በጓሯችን ኒራና ሱይሰን ጎን ለጎን ተክላ፣ መካከላቸው አንድ ድንጋይ አኑራ ነበር። ድንጋዩ ለዐሥራ አንድ ዓመት ከነበረበት አልተነቃነቀም። ባለፈው ክረምት መደቡን ሳይ መስመሩ ጠማማ መሰለኝ፤ ድንጋዩን አንሥቼ ቀጥ ባለው ቦታ ላይ አኖርኩት። መስመሩ ተስተካከለ። ጥቂት የሱይሰን ሥሮች ግን ወደ ኒራው ወገን ቀሩ።

በሁለተኛው ወር ጉንፋን ያዘኝ። ጉንፋኑ ሲሄድ የማሽተት ኃይሌን ይዞት ሄደ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ዓይኑ ሲደክም መነጽር ያደርጋል፣ ጆሮው ሲደክም ይጮኹለታል፤ ለአፍንጫ ግን ምንም የለም። ደግሞም በቺባ ከተማ የሚኖረው ልጄ ብቻዬን መኖሬን የሚያስቆምበት አንድ ምክንያት ከፈለገ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል አዘጋጅቶልኛል። መስኮቱ የሚያሳየው ሌላ መስኮት ነው። ይህን ክፍል እፈራዋለሁ።

በዚያ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ከጓሮዬ አንድ እቅፍ ቆርጬ ለእናትሽ ወሰድኩላት። እንዴት አለፋት ብለሻል። ያለፋት እኔ ስላጠብኩት ነው። ሥሩን አስወግጄ፣ ሦስት ጊዜ አጥቤ፣ በጣት ርዝመት እኩል እኩል ቆርጬ፣ በቅርጫቴ ደርድሬ ነበር የማመጣላት። ዐሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ሳመጣላት፣ «የመምህር ኒራ ፈተና ያለፈ ነው» እያለች ታስቅ ነበር። ሥር የለውም፣ አፈር የለውም፤ የጥሩው ኒራ ሽታ የመጥፎውን ዝምታ ሸፈነው። የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ አንድ በአንድ ታየው ነበር። የእኔን ግን አምና ወደ መጥበሻው ገለበጠችው።

እኔም በልቻለሁ። ከአምስቱ አንዱ እኔ ነኝ። ለእኔ የደረሰኝ ጥቂት ነበር መሰለኝ፤ ማስመለሱን ቤቴ እስክደርስ ያዝኩት። ወለሉን በገዛ እጄ አጠብኩ። አምቡላንሱ በቦዩ ዳር እየጮኸ ሲያልፍ ተንበርክኬ ሰማሁት፤ መስኮቱን ግን አልከፈትኩም። በማግስቱ ለጠየቁኝ ሁሉ፣ «እኔን ጥቂት ቆረጠኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም» አልኩ።

እሑድ ጠዋት ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከድንጋዩ ወዲህ በቆረጥኩበት መካከል አራት ወፋፍራም ጉቶዎች አየሁ። የኒራ ጉቶ ቀጭን ነው። በጣቴ ነካኋቸው። በጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ሐኪሞቹ ዛጎሉ ነው ብለው እያከሙ ነበር። ያን ጊዜ ሮጬ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሰኞ ሆስፒታል ሄጄ ሞሪዋኪን ጠየቅሁት። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሲያየኝ ሊነሣ ሞከረ።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ» አለኝ። «ዛጎሉን አሸዋውን በደንብ ሳላስተፋው ነው መሰለኝ ያመጣሁት። ሰው ፈጀሁ።»

«ተኛ» አልኩት።

«እርስዎንም ቆረጠዎት አሉ። አርባ ዓመት ለቅሜ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። ሃትሱኖን ይቅርታ ይጠይቁልኝ፤ ስሟን አጠፋሁባት።»

«ተኛ» አልኩት እንደገና። ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለትና ወጣሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ተቀምጬ፣ ሰው የት የት እንደሚበላ የሚዘረዝረውን የመጀመሪያውን ደብዳቤ ጻፍኩልሽ። ከሰዓት በኋላ ቅጠሉ ተገኘ። ሁለት ቀን ከግማሽ። ሐኪሞቹ መርዙን ቀደም ብለው ቢያውቁ ኖሮ ለሞሪዋኪ ኩላሊት ይሻል ነበር ወይ ብዬ አንዲት ነርስ ጠየቅሁ። «ማን ያውቃል፣ አባባ» አለችኝ። ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል።

ሐሙስ፣ ያን ማኅተም ባጠመምኩበት ቀን፣ እናትሽ ዱላዋን ይዛ መጣች። ቅርጫቴን አምጥታልኝ ነበር። ባዶውን አልነበረም። በውስጡ አንድ እሥር ኒራ፣ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ ነበር። ከበሩ ደፍ ላይ ቆማ ፊቴን እያየች፣

«ትኩስ ነው፤ እስቲ ያሽትቱት» አለችኝ።

አንሥቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«አይሸትዎትም፣ አይደል?»

ኒራውን ወደ ቅርጫቱ መለስኩት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሁለተኛው ወር።»

«ጠርጥሬ ነበር። ዓሣው ሲያርብኝ ሰው ሁሉ ሲያስል እርስዎ ጋዜጣዎን እያነበቡ ነበር።» ከደፉ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ያዳምጡኝ መምህር። ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከቦዩ ዳር ለቀምኩ ብያለሁ፤ በቃ። እኔ ጉልበቴ አልቋል፤ ባዘግም አንድ ሁለት ዓመት ነው። የቺባው ልጅዎ ይህን ቢሰማ በማግስቱ ጓዝዎን ይጭናል። እዚያ ማንን ሊያርሙ ነው? ሊፍቱን?»

ማቺኮ፣ እኔ በዚህ ጊዜ የተናገርኩትን ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ። «አመሰግናለሁ» አልኩ። ለሃምሳ ዓመት ተማሪዎቼን እውነቱን ተናገሩ ብዬ የቀጣሁ ሰው፣ አመሰግናለሁ ብዬ ቅርጫቴን ተቀበልኩ። እሷም ተነሥታ፣ «ለማቺኮ እንዳይጽፉላት» ብላ ሄደች። አልተሰናበትኳትም።

ኒራውን በውሃ አኑሬዋለሁ። ጠዋት ጠዋት አነሣውና አሸተዋለሁ። ዛሬ ዐሥራ አራተኛው ቀን ነው። ምንም የለም።

አሁን ወደ ውሳኔዬ ልመለስ። በአምስተኛው ወር ሁለተኛ ቀን፣ እናትሽ ከመድረሷ በፊት፣ ጠዋት በሁለት ሰዓት ወደ ጤና ጽሕፈት ቤቱ እሄዳለሁ። ከጓሮዬ የነቀልኳቸውን አራቱን ጉቶዎች ከነሥራቸው በጋዜጣ ጠቅልዬ እወስዳለሁ። ሃትሱኖ የሰጠችው ቃል ሐሰት እንደ ሆነ፣ የዋሸችውም ለእኔ ስትል እንደ ሆነ እናገራለሁ። ከዚያ ወደ ሞሪዋኪ እሄዳለሁ። ትናንት ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሳይወጣ አይቀርም ይላሉ። ዛጎልህ ንጹሕ ነበር እለዋለሁ። ይህን ከፖሊስም፣ ከዘጠነኛው ፎቅም በላይ እፈራዋለሁ።

ስለ መጽሐፍሽ የጠየቅሽኝን አምስተኛ ደግሞ እነሆ።

«ሃትሱኖ ቤት ምልክት የለውም። ሰማያዊ የበር መጋረጃ ከተሰቀለ ክፍት ነው። ምን አለ ተብሎ አይጠየቅም፤ ገብተው ይቀመጣሉ፤ እሷ ፊትዎን አይታ የሚበላውን ታቀርባለች። ሲከፋዎት ሾርባው ይቀድማል። ከመስኮቱ ሁለተኛው መቀመጫ ለማንም የተያዘ አይደለም። ከጓሮው የተረፈው ሰው በኋላ በር በቅርጫት ያስቀምጣል፤ ታጥቦና ተቆርጦ ሳይሆን ከነሥሩና ከነአፈሩ፣ የአምጪውም ስም በላዩ ተጽፎ። ቅርጫቱ ባዶውን አይመለስለትም።»

ከሁለተኛው ቀን በኋላ መጋረጃው ተሰቅሎ ከሆነ ይህን አሳትሚው። ካልተሰቀለ ቅደጂው፤ አራቱም አይታተሙ።

በመጨረሻ አንድ ልመና አለኝ። ልሂድ ወይስ ልቅር አልልሽም፤ እሄዳለሁ። ነገር ግን የዚያ ጽሕፈት ቤት ደረጃ ረጅም ነው፤ ሁለት ጊዜ እስከ መጀመሪያው ደረጃ ሄጄ ተመልሻለሁ። ስወጣው በደረት ኪሴ የአንቺ ጽሑፍ ቢኖር ለሦስተኛ ጊዜ የምመለስ አይመስለኝም። ብትሰድቢኝም ስድብሽ ይድረሰኝ፤ ሰዋስውሽን አላርምም። አድራሻዬን የጻፍኩበትና ቴምብር የለጠፍኩበት ፖስታ በዚህ ውስጥ አኑሬያለሁ። እስከ አምስተኛው ወር አንደኛ ቀን፣ ሐሙስ፣ እንዲደርሰኝ አድርገሽ በጽሑፍ መልሺልኝ። ፖስታው የእኔ ዕቃ ነው፤ ባዶውን አትመልሺው።

ኢናዳ ሄይሳኩ